የታይሮይድ ካንሰርን በመርፌ ጫፍ ማቃጠል፦ ለማን ይሆናል፣ ለማንስ አይሆንም?

«የታይሮይድ ካንሰር ያለ ቀዶ ጥገና፣ በመርፌ ብቻ ይታከማል» የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ወሬው ውሸት አይደለም። ቀጭን መርፌ በአንገት ቆዳ በኩል ትገባለች። ጫፏ አካባቢ ያለው ሥጋ ይግላል። ካንሰሩ እዚያው ባለበት ይሞታል። ታካሚው አንገቱ ሳይከፈት፣ ጠባሳም ሳይተርፈው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ቪዲዮው የማይነግራችሁ ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ይህ ሕክምና ለሁሉም የታይሮይድ ካንሰር አይሆንም። ዓይነቱም፣ መጠኑም፣ ያለበት ቦታም ይወስናል። ሁለተኛው ይበልጥ የሚገርም ነው። ለመርፌዋ ከሚመቹት ካንሰሮች ብዙዎቹ ጭራሽ ሳይነኩ፣ በክትትል ብቻ ለዓመታት ሊቆዩ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ «የት አገር ይሠራል? ስንት ያስከፍላል?» ከማለታችን በፊት «እኔ ያለብኝ ነገር መነካት አለበት ወይ?» ብለን መጠየቅ አለብን።

እንቅርት ሁሉ ካንሰር አይደለም

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብላ፣ የአየር ቧንቧን ከፊት አቅፋ የተቀመጠች ዕጢ ናት። ግራና ቀኝ ሁለት ክፍል አላት፤ መሐል ላይ በቀጭን ሥጋ ይገናኛሉ። የምትሠራው ሆርሞን የሰውነታችንን ፍጥነት ይቆጣጠራል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሰው ይከሳል። ሲያንስ ደግሞ ድካም ይጫጫናል፣ ብርድ ብርድ ይላል፣ ክብደት ይጨምራል። ሆርሞኑ የሚሠራው ከአዮዲን ነው።

እኛ ጋ ታይሮይድ የሚለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ሰው እንኳ እንቅርትን ያውቃል። በደጋው አገራችን አፈሩ በዝናብ ሲታጠብ አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል። ከዚያ አፈር የበቀለ እህልም አዮዲን ያንሰዋል። ዕጢዋ ያጣችውን ለማካካስ ስትጥር ታብጣለች። የእናቶቻችንና የአያቶቻችን የአንገት ንቅሳት ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ እንቅርት ያጠፋል ተብሎም ይነቀስ ነበር። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው የሚለው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ በፊት ያደገ ሰው አንገቱ በአልትራሳውንድ ሲታይ ትንንሽ እባጭ ቢገኝበት የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

እነዚህን እባጮች ሐኪሞች «ኖዱል» ይሏቸዋል። ከ10 ኖዱል 9ኙ ወይም ከዚያም በላይ ካንሰር አይደለም። ይህን አስረግጬ የምጽፈው በምክንያት ነው። «ኖዱል አለሽ» የሚለውን ብቻ ሰምተው፣ የቀረውን ሳያዳምጡ እያለቀሱ ቤታቸው የሚገቡ እህቶች ብዙ ናቸው። አልትራሳውንድ የሚሰጠው ጥርጣሬ ነው። የሚረጋገጠው በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ሐኪሞቹ ኤፍኤንኤ የሚሉት ምርመራ ይህ ነው።

ካንሰር ሆኖ ሲገኝም ዓይነቱ አንድ አይደለም። ከ10ሩ 8 ያህሉ «ፓፒላሪ» የሚባለው ነው። ፓፒላሪ አብዛኛውን ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ለሕክምናም ይመቻል። «ፎሊኩላር» ቀጥሎ ይመጣል፤ አዮዲን በሚያንስበት አገር ድርሻው ከፍ ይላል። «ሜዱላሪ» እና «አናፕላስቲክ» ጥቂት ናቸው፤ አናፕላስቲክ ግን በጣም ክፉ ነው። ከዚህ በኋላ የማወራው በዋናነት ስለ ፓፒላሪ፣ ያውም 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆነው ወይም ከዚያ ስለሚያንሰው ነው። «ማይክሮካርሲኖማ» ይባላል።

ኮሪያ ላይ የሆነው

የሙቀት ሕክምናው ለምን እንደተፈለገ ለመረዳት ደቡብ ኮሪያን ማየት ይጠቅማል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1999 አገር አቀፍ የካንሰር ቅድመ ምርመራ ጀመረ። የታይሮይድ ምርመራ በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች ግን «ከመጣችሁ አይቀር ትንሽ ጨምራችሁ አንገታችሁን በአልትራሳውንድ እንያችሁ» ይሉ ጀመር። ሰውም «ምን ይጎዳኛል?» አለ። ታየ።

በ2011 በአገሪቱ የታይሮይድ ካንሰር የሚገኝበት መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ። በዚያ በአንድ ዓመት ብቻ ከ40 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች የታይሮይድ ካንሰር አለባችሁ ተባሉ። አብዛኞቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። በታይሮይድ ካንሰር የሚሞተው ሰው ቁጥርስ? ንቅንቅ አላለም።

እንግዲህ አስቡት። ያ ሁሉ ካንሰር ተገኝቶ፣ ያ ሁሉ አንገት ተከፍቶ፣ የሚሞተው ሰው ካልቀነሰ፣ ከተገኙት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ባይገኙም ኖሮ ማንንም የማይገድሉ ነበሩ ማለት ነው። በ2014 የአገሪቱ ሐኪሞች ራሳቸው ተሰባስበው ጤነኛ ሰው እንዲሁ በአልትራሳውንድ ታይሮይዱን እንዳይመረመር በአደባባይ ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ዓመት የታይሮይድ ቀዶ ጥገና በሲሶ ያህል ቀነሰ። ሐኪም የራሱን ገበያ የሚያጠብ ነገር በአደባባይ ሲናገር በበኩሌ ትልቅ ክብር አለኝ።

እዚህ ላይ ቀዶ ጥገናን እየኮነንኩ እንዳይመስላችሁ። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ጥሩ ሕክምና ነው፤ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ዋጋ አለው። ዕጢዋ ሙሉ በሙሉ ከወጣች ሌቮታይሮክሲን የምትባለውን ክኒን ዕድሜ ልክ፣ በየጠዋቱ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስና ከቡና በፊት መዋጥ ግድ ነው። ግማሿ ብቻ ስትወጣም ከ5 ሰው ለአንዱ ያህል ክኒኑ ያስፈልገዋል። ከታይሮይድ ጀርባ የተለጠፉት ትንንሾቹ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ከተጎዱ ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርና የጣት ጫፍ ይነዝራል። የድምፅ ነርቭ ከተነካ ደግሞ ድምፅ ይሻክራል። ለመምህር፣ ለዘማሪ፣ ለጥሪ ማዕከል ሠራተኛ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ለማይገድል ነገር ይህን ሁሉ መክፈል ያሳዝናል።

ጃፓኖቹ ዝም ብለው ጠበቁ

ኮሪያ ከዚህ ሁሉ ከመድረሷ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ በሚገኘው ኩማ ሆስፒታል ሚያዉቺ የሚባሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም አንድ ያልተለመደ ሐሳብ አቀረቡ። ትንንሾቹን የፓፒላሪ ካንሰሮች አንቁረጣቸው፣ በአልትራሳውንድ እንከታተላቸው አሉ። ካደጉ ያኔ እንቆርጣለን፤ ካላደጉ እንተዋቸዋለን።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ቀደም ብሎ ፊንላንድ ውስጥ በሌላ በሽታ የሞቱ ሰዎች ታይሮይድ በጥንቃቄ ተከታትፎ ሲመረመር፣ ከ3 ሰው በ1ዱ ላይ ጥቃቅን የፓፒላሪ ካንሰር ተገኝቶ ነበር። ሰዎቹ ካንሰር እንዳለባቸው ሳያውቁ ኖረው፣ በሌላ ምክንያት ነው የሞቱት።

ኩማ ሆስፒታል የተከታተላቸውን 1,235 ሰዎች ውጤት በ2014 አሳተመ። በ10 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ ያህል ነበሩ። አንገት ላይ ወዳሉት ንፍፊቶች የሄደባቸው 4 በመቶ አይሞሉም። በካንሰሩ የሞተ አንድም ሰው የለም። ዘግይተው ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸውም በመዘግየታቸው ብዙ አልተጎዱም። አንድ ልብ የሚባል ነገር ግን አለ። የማደግ ዕድሉ ከ40 ዓመት በታች ባሉት ላይ ከፍ ይላል፤ ከ60 በላይ በሆኑት ላይ ደግሞ በጣም ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ እናትዎ በ70 ዓመታቸው 6 ሚሊ ሜትር ተገኘባቸው ማለት እና ልጅዎ በ28 ዓመቷ ተገኘባት ማለት አንድ አይደለም።

በወረቀት ላይ ክትትል ከሁሉም ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ኑሮ ላይ ግን ይከብዳል። «ካንሰር አለብሽ፣ ግን ምንም አናደርግም» ተብሎ በሰላም መተኛት ለሁሉም ሰው አይቻልም። ቤተሰብ አለ፣ ጎረቤት አለ፣ «እንዴት ዝም ትያለሽ?» የሚል አክስት አለ። ከቀጠሮ በፊት ያለው ሳምንት እንቅልፍ የለውም። ይህን ጭንቀት ቀላል አድርጎ ማየት ልክ አይመስለኝም፤ ጭንቀቱም ራሱ ሕመም ነው። የሙቀት መርፌዋ ቦታ ያገኘችው እዚህ ጋ ነው። ለመጠበቅ ለከበደው፣ ለመቆረጥም ለማይፈልግ ወይም ለማይችል ሰው መሐከለኛ መንገድ ሆና መጣች።

መርፌዋ እንዴት ትሠራለች?

ዋነኛው ዘዴ ሬዲዮፍሪኩዌንሲ አብሌሽን ይባላል፤ ባጭሩ አርኤፍኤ። ስሙ ያስፈራል እንጂ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረር አይደለም። እንደ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲንም ሰውነት ውስጥ የሚያስቀረው ነገር የለም። ነገሩ ኤሌክትሪክ ነው። ከማሽኑ የሚወጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል። መርፌዋ ጫፍ አካባቢ ያሉት ጨው ነክ ቅንጣቶች ይህን ለመከተል ሲራወጡ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። ፍትጊያው ሥጋውን ያግላል።

ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ የሴሉ ፕሮቲን ወዲያው ይረጋል፤ እንቁላል መጥበሻ ላይ ሲያርፍ ነጩ ክፍል እንደሚረጋ ማለት ነው። የረጋ እንቁላል ወደ ጥሬነቱ እንደማይመለስ ሁሉ ያ ሴልም አይመለስም። ታዲያ ለምን በጣም አያግሉትም ትሉ ይሆናል። 100 ዲግሪ ሲደርስ በሥጋው ውስጥ ያለው ውሃ ይፈላል፣ ሥጋው ይከስላል። የከሰለ ሥጋ ኤሌክትሪኩን ስለማያሳልፍ ሙቀቱ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። ስለዚህ መርፌዋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ እየተዘዋወረ ጫፏን ያበርዳታል። የምትገድል መርፌ እየቀዘቀዘች መሥራቷ መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ይላል፤ ግን ከ60 እስከ 100 ዲግሪ ባለው መሐል ለመቆየት ዘዴው ይህ ነው።

ማይክሮዌቭ እና ሌዘር የሚጠቀሙም አሉ። ኮሪያዎቹ በብዛት አርኤፍኤ ይመርጣሉ፣ ቻይናዎቹ ማይክሮዌቭም በሰፊው ይሠራሉ፣ ሌዘሩን ቀድመው ያስለመዱት ጣሊያኖች ናቸው። ሙቀቱ የሚመጣበት መንገድ ይለያይ እንጂ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ከማሽኑ ዓይነት ይልቅ የሐኪሙ እጅ ይበልጣል።

አልጋው ላይ ምን ይደረጋል?

ታካሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች። ትከሻዋ ሥር ትራስ ገብቶ አንገቷ ወደ ኋላ ቀና ይላል። ጭኖቿ ላይ የኤሌክትሪኩ መመለሻ የሆኑ ሰፋፊ ንጣፎች ይለጠፋሉ። ሙሉ ማደንዘዣ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም፤ አንገቷ ላይ ሊዶኬን ተወግታ ነቅታ ነው የምትታከመው። ነቅታ መሆኗ ሆን ተብሎ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

መርፌዋ ከ1 ሚሊ ሜትር እምብዛም አትወፍርም። የምትገባው ከጎን ሳይሆን ከመሐል ነው፤ ሁለቱን ክፍል የሚያገናኘውን ቀጭን ሥጋ አቋርጣ ወደ ካንሰሩ ትሄዳለች። በዚህ በኩል ስትገባ ሐኪሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአልትራሳውንድ ያያታል። ታካሚዋ ድንገት ብትውጥ ወይም ብታስልም ዕጢዋ ራሷ መርፌዋን ይዛ ታቆያታለች።

ችግሩ ያለው ከታይሮይድ ጀርባ ነው። የድምፅ ነርቭ እዚያ ያልፋል። የአየር ቧንቧውም፣ የምግብ ቧንቧውም ከዚያው አይርቅም። ካንሰሩን የገደለ ሙቀት ነርቭንም ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ከማሞቃቸው በፊት በካንሰሩና በነርቩ መሐል ፈሳሽ ይወጋሉ። ፈሳሹ ሁለቱን ገፋ አድርጎ ያራርቃቸዋል፤ ሙቀቱንም ይመጥጣል። ፈሳሹ ሐኪም ቤት በግሉኮስ ከረጢት የምናውቀው 5 በመቶ ዴክስትሮስ ነው። ተራው የጨው ውሃ አይሆንም፤ ጨው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከለላ ሊሆን የተወጋው ነገር መልሶ አደጋ ይሆናል። ይህችን ትንሽ ጥንቃቄ የማያውቅ ሰው አንገት ላይ መርፌ ይዞ መቆም የለበትም ባይ ነኝ።

ከዚያ ሐኪሙ ካንሰሩን በአንድ ጊዜ አያነደውም። በሐሳቡ ይከፋፍለዋል። ከጥልቁ፣ ከሩቁ ጥግ ይጀምርና ጥቂት ጥቂት ሴኮንድ እያሞቀ መርፌዋን ወደ ራሱ ይስባል። ከጥልቁ የሚጀምረው የጋለው ሥጋ ጥቃቅን አረፋ ስለሚያወጣ ነው። በአልትራሳውንዱ ስክሪን ላይ ነጭ ደመና ይታያል፤ ደመናው ከኋላው ያለውን ይሸፍናል። ከፊት ቢጀምር የኋላው አይታየውም። ይህን ዘዴ ያዳበሩት ሴኡል በሚገኘው አሳን ሜዲካል ሴንተር ያሉ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ናቸው። በፊት መርፌዋ አንድ ቦታ ቆማ ነበር የምታሞቀው፤ ለአንገት ግን እንዲህ እየተንቀሳቀሰች መሥራቷ ይበልጥ አስተማማኝ ሆነ።

አሁን ነቅታ የመታከሟን ምክንያት ልመለስበት። ሐኪሙ በመሐል በመሐል ያናግራታል። «ስምሽን ንገሪኝ»፣ «እስከ አምስት ቁጠሪ» ይላታል። ድምጿ ከሻከረ ወዲያው ያቆማል፤ ነርቩን ለማብረድ ቀዝቃዛ ዴክስትሮስ ይወጋል። ሕመሙም ምልክት ነው። ወደ መንጋጋ፣ ወደ ጥርስ፣ ወደ ጆሮ ወይም ወደ ትከሻ የሚሰራጭ ሕመም ሊሰማት ይችላል። እዚህ ላይ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። እኛ ሐበሾች ሐኪም ፊት ጥርሳችንን ነክሰን መቻል እንደ ጨዋነት እናየዋለን። እዚህ አልጋ ላይ ግን አይቻልም። የተሰማችሁን ወዲያው ተናገሩ፤ መናገራችሁ የሕክምናው አካል ነው።

ሐኪሙ ከካንሰሩ ዳር ወጣ ብሎ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ሥጋም ጨምሮ ያቃጥላል፤ ዳር ላይ የቀረ ሴል እንዳይኖር። ለትንሽ ካንሰር ማሞቁ ራሱ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚወስደው። ታካሚዋ ትንሽ ሰዓት ታርፋለች፣ ደም አለመፍሰሱ ይታያል፣ ትሄዳለች።

ከዚያ በኋላ

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመጀመሪያው የክትትል አልትራሳውንድ ነው። የተቃጠለው ቦታ ከቀድሞው ካንሰር ሰፍቶ ይታያል። «አደገ እንዴ?» ይባላል። አላደገም። ከዳሩ ጤነኛ ሥጋም አብሮ ስለተቃጠለ ነው። ከዚያ ሰውነት የሞተውን ሥጋ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከወራት በኋላ እያነሰ ይሄድና ብዙ ሰው ላይ በ1 ወይም በ2 ዓመት ውስጥ ጭረት ብቻ ይቀራል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ዕጢዋ ደግሞ ሥራዋን ስለምትቀጥል አብዛኛው ሰው የሆርሞን ክኒን አያስፈልገውም።

ውጤቱስ? እዚያው አሳን ሜዲካል ሴንተር 74 ሰዎች ላይ የነበሩ 84 ትንንሽ የፓፒላሪ ካንሰሮች በአርኤፍኤ ታክመው ከ5 ዓመት በላይ ክትትል ተደረገላቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታተመ። ካንሰሩ ባለበት ቦታ ያገረሸበት ወይም ወደ ንፍፊት የሄደበት ሰው አልነበረም። ቻይና ውስጥ ከቀዶ ጥገና ጋር ያነጻጸሩ ሐኪሞችም ተቀራራቢ ውጤት፣ ያነሰ የጎንዮሽ ጉዳት አግኝተዋል።

ደስ ይላል። ግን ሙሉውን ማየት አለብን። እነዚህ ታካሚዎች በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው፤ ባይነኩም ብዙዎቹ ደህና ሊሆኑ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ኩማ ሆስፒታል ያለ ምንም መርፌ ያገኘውን ውጤት አስታውሱ። የሠሩላቸውም ብዙ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ናቸው። ከዚያው ከቻይና ደግሞ ሌላ ቦታ በሙቀት ታክመው በኋላ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ውስጥ የተረፈ ካንሰር ያገኙ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2018 ጽፈዋል። ፓፒላሪ አንዳንዴ በዕጢዋ ውስጥ ከአንድ በላይ ቦታ ይበቅላል። መርፌዋ ደግሞ የምታቃጥለው የታየውን ብቻ ነው።

ሌላም የሚቀር ነገር አለ። በቀዶ ጥገና የወጣ ሥጋ ላቦራቶሪ ሄዶ ሙሉ ታሪኩን ይናገራል፤ ጠባዩ ክፉ ነው ወይ፣ ከዳር ወጥቷል ወይ፣ ንፍፊት ውስጥ ገብቷል ወይ። የተቃጠለ ሥጋ ግን የሚናገረው የለም። ስለዚህ ከማቃጠል በፊት ያለው ምርመራ ለስህተት ቦታ የለውም። ንፍፊቶቹ ሁሉ በልምድ ባለው ዓይን መታየት አለባቸው፤ ናሙናውም በማያሻማ ሁኔታ ፓፒላሪ መሆን አለበት። ያለ ናሙና ውጤት «እናቃጥለውና ይገላገላሉ» የሚል ሐኪም ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ውጡ።

ታዲያ ለማን?

ካንሰሩ አንድ፣ ፓፒላሪ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ ከዕጢዋ ያልወጣ፣ ወደ ንፍፊት ያልሄደ፣ ከአየር ቧንቧና ከድምፅ ነርቭ ራቅ ያለ ሲሆን መርፌዋ ልትታሰብ ትችላለች። በልብ ወይም በሳንባ ሕመም ምክንያት ሙሉ ማደንዘዣ ለማይችሉ ሰዎች በተለይ ትጠቅማለች። አውሮፓውያን በ2021 ባወጡት መመሪያ ቀዶ ጥገና ለማይችሉ ወይም ቀዶ ጥገናውንም ክትትሉንም ለማይፈልጉ እንደ አማራጭ አስቀምጠዋታል። የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበርም በ2025 መመሪያው ለተመረጡ ሰዎች ሊታሰብ የሚችል አማራጭ አድርጎ አካቷታል። ሁለቱም «ከሁሉ በፊት ይህ ይደረግ» አላሉም።

ሜዱላሪ፣ አናፕላስቲክ፣ ትልቅ ወይም የተሰራጨ ካንሰር ከሆነ ቦታው ቀዶ ጥገናና ሌላው ሕክምና ነው። እዚያ ላይ «መቆረጥ አልፈልግም» ብሎ መርፌ ፍለጋ መዞር ጊዜ ማባከን ነው፤ ጊዜው ደግሞ ነፍስ ነው። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ኤሌክትሪኩ በሰውነት ውስጥ ስለሚያልፍ የተለየ ጥንቃቄ ወይም ሌላ ዓይነት መርፌ ያስፈልጋል።

አንድ ቦታ ላይ ግን መርፌዋ እውነተኛ ባለውለታ ናት። ታይሮይዳቸው ከዓመታት በፊት የወጣላቸው፣ ከዚያ አንገታቸው ላይ ባለ ንፍፊት ውስጥ ትንሽ ካንሰር ያገረሸባቸው ሰዎች አሉ። አንዴ በተከፈተ አንገት፣ በጠባሳ መሐል እንደገና ቀዶ ጥገና መሥራት ለሐኪሙም ከባድ ነው፤ ነርቭ የመጎዳቱ ዕድልም ይጨምራል። እንዲህ ያሉትን አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ እባጮች በመርፌ ማቃጠል ብዙ ሰው ከሁለተኛና ከሦስተኛ ቀዶ ጥገና አድኗል። ስለዚህኛው ጥቅሟ ብዙ አይወራም፤ ቢወራ እወድ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በጋለ ብረት አንገትን ማስተኮስ ዛሬም ያለባቸው አካባቢዎች አሉ። «ሐኪሞቹም እኮ ያቃጥላሉ» የሚል ሰው እንዳይኖር ግልጽ ላድርገው። ብረቱ የሚያቃጥለው ቆዳን ነው። ታይሮይድ ጋ አይደርስም። ቁስልና መመርቀዝ ትርፉ ነው።

አሜሪካ ላላችሁ፣ መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃድ አግኝቶ ገብቷል። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮም ሆስፒታሎች ለኢንሹራንስ የሚያስገቡበት የራሱ የክፍያ ኮድ ወጥቶለታል። ይህ ማለት ግን ኢንሹራንሳችሁ ይከፍላል ማለት አይደለም፤ በተለይ ለካንሰር ሲሆን። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውላችሁ በጽሑፍ ማረጋገጫ ጠይቁ።

ከአገር ቤት ወይም ከዓረብ አገር ወደ ባንኮክ፣ ወደ ዴልሂ ወይም ወደ ኢስታንቡል ለሕክምና የምትሄዱ ደግሞ ጉዞውን የሚያመቻቸውን ደላላ ሳይሆን ሐኪሙን ጠይቁ። ለካንሰር ስንት ሰው ላይ ሠርተዋል? ካንሰር ላልሆነ ኖዱል የሠሩት አይቆጠርም፤ ያ ሌላ ሥራ ነው። በእኔ ጉዳይ ክትትል ብቻ ይበቃል ወይ? ድምፄ ቢጎዳ ማን ያየኛል? ስትመለሱ የመርፌ ናሙናውን ውጤት፣ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሳውን የአልትራሳውንድ ምስል በሲዲ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ክትትሉ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ነው፤ ከዚያም በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ይቀጥላል። ለዚያ ሁሉ ጊዜ አውሮፕላን መሳፈር ስለማይቻል፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ሆኖ አንገታችሁን የሚከታተል፣ የተቃጠለን ታይሮይድ ምስል ማንበብ የሚችል ሐኪም አግኝታችሁ ተስማሙ።